የሴንቲኔል ተራሮች በአማርኛ ካርታ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም፣ መነሻ

የሚሠራው በአንታርክቲካ ያሉት የሴንቲኔል ተራሮች የግድግዳ ካርታ ነው፤ ስሞቹ ሁሉ በአማርኛ። የሚሰቀለው ሰፈራችን ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ የጠየቁኝ የአንታርክቲካን ካርታ ነበር። ክፍላቸው ውስጥ ያለው የዓለም ካርታ ከታች ጠርዙ ላይ አንድ ነጭ ሰቅ ብቻ አለው። ተራራ የለም፣ ስም የለም። "አህጉሩን በሙሉ ላይ ላዩን ከምሠራልዎት አንድ ሰንሰለት በደንብ ልሥራልዎት" አልኳቸው። ተስማሙ።

ሴንቲኔልን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የአህጉሩ ትልቁ ተራራ ቪንሰን እዚያ ነው፤ 4,892 ሜትር። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። የዚህ ሰንሰለት የስም ታሪክ አጭር ነው፣ ሁሉም ተመዝግቧል። ተራሮቹን መጀመሪያ አይቶ የመዘገበው ሰው ያየበት ቀን ይታወቃል፦ ኅዳር 23 ቀን 1935። (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችና የታሪክ ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የማስታወሻው ወሮች ግን የኛ ናቸው።) ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደሰየመ መከታተል ይቻላል። ስለዚህ ካርታው ስም ብቻ እንዲያሳይ አልፈልግም። እያንዳንዱ ስም ከየት እንደመጣ በቀለም እንዲያሳይ እፈልጋለሁ።

ቦታው፦ ምዕራብ አንታርክቲካ፣ ወደ 78 ዲግሪ ደቡብና 85 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ። ከደቡብ ዋልታ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ትልቁ ስብስብ ኤልስዎርዝ ተራሮች ይባላል። ሚኒሶታ የሚባል የበረዶ ግግር ለሁለት ይከፍለዋል። በስተደቡብ ሄሪቴጅ፣ በስተሰሜን ሴንቲኔል። ሴንቲኔል ርዝመቱ ወደ 185 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ ሰፊ በሆነበት 48 ያህል ነው። በምሥራቅ በኩል ራትፎርድ የሚባለው የበረዶ ጅረት ግርጌውን ይዞ ወደ ሮኔ የበረዶ መደብ ይወርዳል።

የሚዛን ስሌት፦ 1:200,000 ቢሆን 185 ኪሎ ሜትር 92.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 61 ሳንቲ ሜትር የፕሎተር (የትልቅ ካርታ ማተሚያ) ወረቀት ጥቅል ላይ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ብናትም ሰንሰለቱ ይገባል፤ ለመግለጫና ለትንንሽ ጽሑፍም ጎኑ ይተርፋል። ይኸው ይሁን።

መስከረም አጋማሽ፣ ዳታ

ካርታ የምሠራበት ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስ ነው፤ ነፃ ነው። ለአንታርክቲካ የኖርዌይ ዋልታ ተቋም ያዘጋጀው ኳንታርክቲካ የሚባል ጥቅል አለ። የባሕር ዳርቻ፣ የበረዶ ድንበር፣ የሳተላይት ምስል፣ የጥናት ጣቢያዎች ሁሉም ተሰናድተው ይመጣሉ። ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ሌሊት ነው ያወረድኩት። እስካሁን ትልቁ ወጪዬ የኢንተርኔት ጥቅል ነው።

ለከፍታ የተጠቀምኩት ሬማ የሚባለውን የአንታርክቲካ የከፍታ ሞዴል ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የዋልታ ጂኦስፓሻል ማዕከል ከሌሎች ተቋማት ጋር ሠርቶ በ2018 በነፃ ለቀቀው። ሁለት ሁለት የሳተላይት ፎቶ እያጣመረ ከፍታ የሚያወጣ ሥራ ነው። በጣም ጥራት ያለው አንዱ ነጥብ 2 ሜትር የሚሸፍነው ነው። ለኔ ካርታ ግን አያስፈልግም። 120 በ240 ኪሎ ሜትር በ2 ሜትር ሲሰላ 7.2 ቢሊዮን ነጥብ ይሆናል፤ ሳይታመቅ ከ28 ጊጋባይት በላይ ነው። የኔ ላፕቶፕ ይህን አይችልም። የ32 ሜትሩ በ1:200,000 ላይ አንዱ ነጥብ 0.16 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይን አይለየውም። መቶ ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑም ሳይንገዳገድ ይሠራዋል። በ32 ሜትሩ ቀጠልኩ።

ለስሞች የአንታርክቲካ ጥናት ሳይንሳዊ ኮሚቴ፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ስካር የሚባለው፣ አጠቃላይ የስም መዝገብ አለው። የተለያዩ አገሮች የሰጧቸውን ስሞች በአንድ ላይ ይይዛል። ከ37 ሺህ በላይ ስሞች አሉት፤ የሚጠሩት ቦታዎች ግን ከ19 ሺህ ትንሽ ይበልጣሉ። ማለትም አንዱ ቦታ ሁለት ሦስት ስም ያለው ብዙ ነው። አንድ አገር የሰጠውን ሌላው የመቀበል ግዴታ የለበትም። አዲስ ስም ከመስጠት በፊት ያለውን ማየት ይመከራል፣ ይኸው ነው።

መዝገቡን በሰንጠረዥ አውርጄ የሴንቲኔልን ብቻ ለየሁ። ከዚያ አራት ዓምድ ጨመርኩ፦ አማርኛ ስም፣ ዓይነት፣ የሰየመው አገር፣ ዙር። ስሙ በየትኛው የስም አሰጣጥ ጊዜ እንደመጣ የሚናገረው "ዙር" የሚለው ዓምድ ነው የካርታው ልብ።

መስከረም መጨረሻ፣ ሰሜን ወዴት ነው?

በአንታርክቲካ የተለመደው ፕሮጀክሽን (ክቡን መሬት በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የማሳያ ዘዴ) ኢፒኤስጂ 3031 የሚባለው ነው። ዋልታው መሃል ይቀመጣል፣ የግሪንዊች መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ሴንቲኔል 85 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ በዚህ ካርታ ላይ ወደ ግራ ይወድቃል። ሰሜኑም ወደ ግራ ነው። ተማሪ ቆሞ ሲያየው ሰንሰለቱ ተጋድሞ ያገኘዋል።

ለተማሪ ሰሜን ወደ ላይ ይሁን ብዬ ካርታውን ወደ ቀኝ 85 ዲግሪ አዞርኩት። ሰንሰለቱ ቆመ። ወዲያው ሌላ ችግር መጣ። ጥላው ተበላሸ።

ሂልሼድ (የተራራውን ቅርጽ የሚያሳየው ጥላ) ሲሠራ ብርሃኑ ከላይ ከግራ፣ ከ315 ዲግሪ እንዲመጣ ማድረግ የተለመደ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ጥላውን የሚያሰላው ካርታው ሳይዞር ባለበት ነው። እኔ ሳዞረው ብርሃኑም አብሮ ዞረና ከላይ ከቀኝ መጣ። ውጤቱ? የሴንቲኔል ምሥራቃዊ ግድግዳ በብርሃን ተጥለቅልቆ ጠፋ። የዚህ ሰንሰለት ዋናው መልክ ደግሞ ያ ግድግዳ ነው። ከጫፎቹ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ግርጌ የሚወርደው ገደል ካልታየ ካርታው ዋጋ የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። 315 ሲቀነስ 85፣ 230። ብርሃኑን 230 ላይ አድርጌ እንደገና አሰላሁ። ሲዞር 315 ላይ ያርፋል። ምሥራቁ ጥላ ውስጥ ገባ፣ ግድግዳው ቆመ። የዋልታ ካርታ የሚያዞር ሰው ይህችን ስሌት ይያዝ።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ከፍታ

ሬማ የሚሰጠው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ አይደለም። መሬትን በቀላል ቅርጽ ከሚወክለው ኤሊፕሶይድ በላይ ነው። ልዩነቱ እንደ ቦታው በአስር ሜትሮች ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የባሕር ወለሉን የሚወክለውን የጂኦይድ ሞዴል፣ ኢጂኤም 2008ን፣ አውርጄ ቀነስኩ። ኮንቱሩን፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር፣ ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በየ200 ሜትሩ።

የጫፎቹን ቁጥር ግን ከሞዴሉ አልወሰድኩም። 32 ሜትር ስፋት ያለው ነጥብ ሹል ጫፍን ያደነዝዘዋል፣ ከፍታውን ዝቅ ያደርገዋል። የጻፍኩት በልኬት ተገኝቶ የታተመውን ነው። ቪንሰን 4,892፣ ታይሪ 4,852፣ ሺን 4,660፣ ጋርድነር 4,573፣ ራትፎርድ 4,477፣ ክራዶክ 4,368።

የቪንሰን ቁጥር ራሱ ታሪክ አለው። በ1959 ሲለካ 5,140 ሜትር ተባለ። በ1979 እና በ1980 መካከል የተደረገው ልኬት ወደ 4,897 አወረደው። በ2004 ዴሚየን ጊልዲያ የሚመራው የኦሜጋ ፋውንዴሽን ቡድን ጂፒኤስ ተሸክሞ ጫፉ ላይ ወጣ፤ 4,892 አለ። ያው ሥራ ቀጥሎ የ1:50,000 ካርታ ሆኖ ወጣ። ከሩቅና በአየር ፎቶ መለካት እና ጫፉ ላይ መሣሪያ አስቀምጦ መለካት እንዲህ ይራራቃሉ። 250 ሜትር ገደማ ነው የጠፋው። ከታይሪ ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ አሁን 40 ሜትር ብቻ ነው።

ይህን ለመምህሩ ስነግራቸው ራስ ዳሸንን አነሱ። እሳቸው ተማሪ ሳሉ የተማሩት 4,620 ሜትር ነው። አሁን የሚጻፈው 4,550 ነው፤ 4,533 የሚልም አለ። ልክ ናቸው። ለካርታው ጎን የምጽፈው ትንሽ ሣጥን ውስጥ የሁለቱንም ተራሮች የቁጥር ለውጥ ጎን ለጎን አስገባለሁ። ቁጥር የሚቀየረው ተራራው ስላጠረ እንዳልሆነ ተማሪው በዚህ ይገባዋል።

ጥቅምት፣ የስም ዙሮች

ብዙ ጊዜ የወሰደው ይሄ ነው፤ ከሁሉ የወደድኩትም ይሄ ነው። ሰንጠረዡን ስም በስም እያነበብኩ "ዙር" የሚለውን ዓምድ ሞላሁ። መጨረሻ ላይ አምስት ዙር ሆነ።

አንደኛው ዙር የአንድ በረራ ነው። ሊንከን ኤልስዎርዝና አብራሪው ኸርበርት ሆሊክ-ኬንየን ፖላር ስታር በምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከደንዲ ደሴት ተነሥተው አንታርክቲካን አቋረጡ። መንገድ ላይ ኅዳር 23 ቀን 1935 እነዚህን ተራሮች አዩ። ኤልስዎርዝ ፎቶ አነሣ፣ ሴንቲኔል ብሎ ሰየማቸው። ዘብ ማለት ነው። አንዱን ተራራ ደግሞ በሚስቱ በሜሪ ሉዊዝ አልመር ስም ጠራው። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ነዳጅ አለቀባቸው፤ ቀሪውን በእግር ተጉዘው ሊትል አሜሪካ የተባለው ጣቢያ ገቡ። ፎቶዎቹ አሜሪካ ደርሰው ካርታ ሆኑ። ከዚህ ዙር የቀሩት ስሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰንሰለቱን ሙሉ የሚሸፍነው ስም ግን ከዚህ ዙር ነው።

ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ዝም። ቪንሰን የሚባለው የአህጉሩ ራስ ራሱ እስከ ጥር 1958 አይታወቅም ነበር።

ሁለተኛው ዙር በምድር የመጡት ናቸው። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከ1957 እስከ 1958፣ በቻርልስ ቤንትሊ የሚመራ የሜሪ ቤርድ ምድር ቡድን በበረዶ ላይ ተሽከርካሪ እየነዳ፣ የበረዶውን ውፍረት እየለካ፣ እስከ ሴንቲኔል ደረሰ። የቡድኑ ሰዎች ስም በሰንሰለቱ ላይ ተደርድሯል፦ ቤንትሊ፣ አንደርሰን፣ ኦስተንሶ። ሎንግ ጌብልስ የሚባሉት መንታ ጫፎች የተሰየሙት በሁለት ወንድማማች ነው። ዊልያም ሎንግ ጂኦሎጂስት፣ ጃክ ሎንግ መካኒክ። የበረዶ ተሽከርካሪ የሚጠግን ሰው ስሙ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ባለ ጫፍ ላይ መኖሩ ደስ ይለኛል። ያለ እሱ እጅ ያ ቡድን የትም አይደርስም ነበር።

ሦስተኛው ዙር የባሕር ኃይሉ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ከ1958 እስከ 1961 ሰንሰለቱን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አነሡት። ሦስት ካሜራ ነው የሚጠቀሙት። አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበሉ። ከዚያ ፎቶ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ሰርቬይ የ1:250,000 ካርታ ሠራ። ካርታ ሲኖር ስም ያስፈልጋል፤ ስሞቹም ጎረፉ። ሺን አብራሪ ነው፤ ጥቅምት 31 ቀን 1956 ደቡብ ዋልታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ያሳረፈው ኮንራድ ሺን። ታይሪ የባሕር ኃይሉ የአንታርክቲካ ድጋፍ ኃይል አዛዥ የነበሩ አድሚራል ናቸው። ቪንሰን ደግሞ ካርል ቪንሰን፣ ከጆርጂያ ግዛት የተመረጡ የምክር ቤት አባል። ከ1914 እስከ 1965 ወንበራቸው ላይ ቆይተዋል፤ ለአንታርክቲካ ሥራ የመንግሥት ድጋፍ እንዲገኝ ረድተዋል።

በዚሁ ጊዜ አንድ ማስተካከያ ተደረገ። ተራሮቹ ሁለት ሰንሰለት መሆናቸው ከፎቶው ታወቀ። ሴንቲኔል የሚለው ለሰሜኑ ቀረ፣ ደቡቡ ሄሪቴጅ ተባለ፣ ጠቅላላው በኤልስዎርዝ ስም ተጠራ። ቀጥሎ የመጡት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂስቶች ናቸው። ካምቤል ክራዶክና ሮበርት ራትፎርድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድንጋዩን ያጠኑ ሰዎች ናቸው። ሚኒሶታ የበረዶ ግግርም ከነሱ የመጣ ስም ነው። እኔ አሁን የምጠቀምበት የከፍታ ሞዴልም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። እነሱን ከባሕር ኃይሉ ለይቼ ከሁለተኛው ዙር ጋር በሳይንስ ቀለም አደረግኳቸው፤ ሥራቸው ይመሳሰላል።

አራተኛው ዙር የተራራ ወጪዎቹ ነው። በኒኮላስ ክሊንች የሚመራ አሥር ሰው ያለው የአሜሪካ ቡድን ታኅሣሥ 18 ቀን 1966 ቪንሰንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ጫፉን መጀመሪያ ከረገጡት አራት ሰዎች አንዱ ያው ዊልያም ሎንግ ነው። ስሙ ቀድሞ ካርታው ላይ ነበር፣ እሱ ተመልሶ መጥቶ ትልቁን ወጣ። ታይሪን፣ ሺንን፣ ጋርድነርን፣ ኦስተንሶንና ሎንግ ጌብልስንም በዚያው ጉዞ ወጡ። የነዚህ ሰዎች ስም ለቪንሰን ትንንሽ ጫፎች የተሰጠው ግን አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ2006 ነው። ክሊንች፣ ኮርቤት፣ ሲልቨርስታይን፣ ሆሊስተር፣ ፉኩሺማ። በዚያው ዓመት አሜሪካኖቹ ስሙንም ለሁለት ከፈሉት። ቪንሰን ማሲፍ 21 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ግዙፉ አካል ነው፤ ቪንሰን ተራራ ደግሞ ከፍተኛው ጫፍ ብቻ። ካርታዬ ላይ ሁለቱም አሉ።

አምስተኛው ዙር የቡልጋሪያ ነው። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ ብዛቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ቀለሙን ሰጥቼ ካርታውን ስከፍተው ዙሮቹ ቦታ ቦታ ይዘዋል። ከጋርድነር በስተሰሜን ያለው ዋና ሸንተረር የሳይንስ ሰዎቹ ነው። በቪንሰን ዙሪያ የባሕር ኃይሉና የወጪዎቹ። ሰዎቹ የመጡበት መንገድ ስሞቹ ላይ ይነበባል። ሰንጠረዡን ብቻ ሳነብ ይህ አልታየኝም ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ልጻፍ። እኛ አገር ለካርታ የቦታ ስም ሲሰበሰብ የሚጠየቅ ሰው አለ። ሽማግሌ አለ፣ እረኛ አለ፣ ውኃ ቀጂ አለ። ወንዙ ከላይ በአንድ ስም፣ ከታች በሌላ ስም ይጠራ ይሆናል፤ ሁለቱንም የሚያውቅ አይጠፋም። ሴንቲኔል ላይ የሚጠየቅ ሰው ኖሮ አያውቅም። ስሙ ሁሉ ከቢሮ የወጣ ነው። ስለዚህ ስሙን የወሰነው ቢሮ የማን እንደሆነ ካርታው ሊናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለተማሪ ይህን ሳይነግሩ ስሙን ብቻ መስጠት ግማሽ ሥራ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ስሞቹን በፊደል መጻፍ

ደንቡን አሳጠርኩት። የቦታው ዓይነት በአማርኛ፦ ተራራ፣ ጫፍ፣ ሸንተረር፣ የበረዶ ግግር። መጠሪያው እንደሚነገረው። የላቲኑን ፊደል ተከትሎ መጻፍ ያሳስታል። ታይሪ የሚጻፈው በሌላ መልክ ነው፣ የሚነገረው ግን ታይሪ ነው። ጆቪኔቶ የሚባለው ተራራም እንዲሁ።

አማርኛን ወደ ላቲን ለመጻፍ ከ1967 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የተቀበለው ሥርዓት አለ። እኔ የምፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ለዚህ የተዘጋጀ መመሪያ ስላላገኘሁ የራሴን ዝርዝር ሠራሁ። አንድ ጊዜ የወሰንኩትን በሌላ ቦታ እንዳልቀይር ሰንጠረዡ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አሁን ወደ ቡልጋሪያ። ቡልጋሪያ በ1994 የአንታርክቲካ የቦታ ስም ኮሚሽን አቋቋመች። ሊቪንግስተን በሚባል ደሴት ላይ የራሷ ጣቢያ አላት። ኮሚሽኑ ከ1,600 በላይ ስም ሰጥቷል፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ሴንቲኔል ላይ ናቸው። ጥሩ የሳተላይት ምስል ሲመጣ ስም የሌላቸው ትንንሽ ግግሮችና ሸንተረሮች ታዩ፤ ቡልጋሪያውያን የራሳቸውን ከተማ፣ የራሳቸውን ታሪክ ስም ሰጧቸው። ስላቬይኮቭ ጫፍ የተሰየመው በባለቅኔዎቹ በአባት ፔትኮና በልጅ ፔንቾ ስላቬይኮቭ ነው። ሌላው ጫፍ ከ1877 እስከ 1878 በነበረው የሩሲያና የቱርክ ጦርነት በተዋጉት የቡልጋሪያ በጎ ፈቃደኞች ይጠራል።

ይህ የመጨረሻው ስም በላቲን ሲጻፍ "ኦፓልቼኒዬ" ብለን እንድናነበው ያደርጋል። የቡልጋሪያ ፊደል ግን ሁለት የተለያዩ አናባቢዎች አሉት፤ ላቲኑ ሁለቱንም በአንድ ፊደል ይጽፋቸዋል። በቡልጋሪያኛው ያለው ድምፅ ለኛ ግዕዝ ይቀርባል፤ ራብዕ አይደለም። ስለዚህ "ኦፐልቼኒዬ"። የቡልጋሪያን ስሞች በሙሉ ከላቲኑ ትቼ ከራሳቸው ፊደል ገለበጥኳቸው። የኛ ፊደል እዚህ ላይ ከላቲኑ ይሻላል።

ያ የላቲን አጻጻፍ ራሱ አስደናቂ ታሪክ አለው። መጀመሪያ የተዘጋጀው በ1995 ለነዚሁ የአንታርክቲካ ስሞች ነው። በኋላ በ2009 የቡልጋሪያ ሕግ ሆነ፤ በ2012 የተባበሩት መንግሥታት ተቀበለው። ሰው ለማይኖርበት በረዶ የተሠራ ደንብ ዛሬ ፓስፖርትና የመንገድ ምልክት ላይ አለ። ትንሽ አገር፣ ትንሽ ኮሚሽን። እኔ በዚህ እቀናለሁ፤ በጥሩ ቅናት።

በ1:200,000 የቡልጋሪያን ስሞች ሁሉ ማስገባት አይቻልም። የምሥራቁ ግርጌ በጽሑፍ ይሸፈናል። ዋና ዋና ከፍታዎችን፣ እንደ ዶይራን፣ ባንጌይና ግሮምሺን ያሉትን፣ አስቀረሁ። ትልልቆቹ ግግሮችም አሉ። ሌላው ለጊዜው ሰንጠረዡ ውስጥ ይቆይ።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ጽሑፉን ማስቀመጥ

እዚህ ተጣበቅኩ። በላቲን ካርታ ላይ የሰንሰለት ስም በትልቁ ፊደል፣ የተራራ ስም በትንሹ፣ የውኃና የበረዶ ስም ደግሞ በሰያፍ ይጻፋል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሰያፉም ጥሩ አይወጣም፤ ሶፍትዌሩ ፊደሉን ገፍቶ ያጋድመዋል፣ ቅርጹ ይበላሻል። ደረጃ የምናሳይበት የቀረን መጠን፣ ውፍረት፣ ክፍተትና ቀለም ነው። ቀለሙን ደግሞ ለስም ዙሮች ጨርሼዋለሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም በዙሩ ቀለም ጻፍኩ። የበረዶ ግግር ስም በቀይ፣ የተራራም በቀይ። ምኑ በረዶ፣ ምኑ ድንጋይ እንደሆነ አይለይም። ተውኩት። ቀጥሎ ሰማያዊ ለበረዶ፣ ጥቁር ለድንጋይ አደረግኩና ዙሩን ከስሙ ሥር በቀለም መስመር አሳየሁ። በተጣመመ የግግር ስም ላይ መስመሩ ይቆራረጣል። እሱም አልሆነም። የሠራው ሦስተኛው ነው። የጽሑፉ ቀለም የቦታውን ዓይነት ይናገራል፤ ከስሙ ፊት ያለች ትንሽ ባለ ቀለም ካሬ ዙሩን ትናገራለች። ከሩቅ ሲታይ ካሬዎቹ ተሰባስበው ዙሮቹን ያሳያሉ፣ ከቅርብ ደግሞ ስሙ ይነበባል።

ሌሎች ውሳኔዎች፦ ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። የተለያየ ውፍረት አለው፣ ለዚህ ሥራ ዋናው እሱ ነው። "ተራራ" የሚለውን ቃል ከየስሙ አወጣሁ፤ ሦስት ማዕዘን ምልክቷ ትበቃለች። ቦታ ብዙ ተረፈ። የሰንሰለቱን ስም በሰፊ ክፍተት ዘርግቼ አስቀመጥኩ። በኪውጂአይኤስ የሚጣመመው ጽሑፍ ለፊደላችን በደንብ ይሠራል፤ ፊደሎቹ ለየብቻ ስለሚቆሙ አይቆራረጡም። የመጨረሻው መጠን ከ7 ነጥብ እንዳያንስ። በ6 ነጥብ "ጨ" እና "ጩ" አይለዩም።

ኅዳር አጋማሽ፣ ሙከራ ኅትመት

ሙሉውን ከማሳተሜ በፊት የቪንሰንን አካባቢ ብቻ በኤ3 አሳተምኩ። ማተሚያ ቤቱ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ስሞቹ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆነው ወጡ። ኮምፒውተራቸው ላይ ፎንቱ የለም፤ ፒዲኤፉም ፎንቱን ይዞ አልሄደም። ፒዲኤፍ ሲወጣ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ቅርጽ እንዲቀየር የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን አብርቼ እንደገና ላክሁ። ፋይሉ ከበደ እንጂ ጽሑፉ ልክ ወጣ። በአማርኛ ካርታ የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ያድርግ።

ሌላው፣ በስክሪን ላይ ያማረው ፈዛዛ ሰማያዊ በረዶ በወረቀት ላይ ግራጫ ሆነ። ጥላውን አቀለልኩት፣ ሰማያዊውን ትንሽ ጨመርኩ። ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ የምሥራቁ ግድግዳ በደንብ ቆመ።

ወጪ፦ ሶፍትዌርና ዳታ ምንም። ሙከራዎቹ ጥቂት መቶ ብር። ዋናው ኅትመት በፎቶ ወረቀት፣ ከላሚኔሽን ጋር፣ ከሁለት ሺህ ብር ትንሽ በታች። ከላይና ከታች የሚይዘውን እንጨት ትምህርት ቤቱ ቻለ።

ኅዳር መጨረሻ፣ ተሰቀለ

መምህሩ ክፍሉን ከፈቱልን፣ ሰቀልነው። ተማሪዎች መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቪንሰን ነው። ቀጥሎ ወደ ካሬዎቹ። አንዷ ተማሪ "በሴት የተሰየመ የለም?" ብላ ጠየቀች። አልመርን አሳየኋት፣ ከመጀመሪያው በረራ። ኤለን የሚለውን ግግር አይታ "ይቺስ?" አለች። እሱ ሲሴሮ ኤለን የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ነው። ጥያቄዋ ግን ትክክል ነው፤ በዓምዶቼ ውስጥ የለም። ለሁለተኛው እትም "ሰው፣ ቦታ፣ ድርጅት፣ መልክ" የሚል ዓምድ እጨምራለሁ፤ ለሰው ስም ደግሞ ሴት ወይስ ወንድ። የቡልጋሪያው ዙር እዚህ ላይ የተለየ መልክ የሚኖረው ይመስለኛል፤ የሰፈርና የመንደር ስም ይበዛዋልና።

መምህሩ ደግሞ ሌላ አነሡ። "የአንታርክቲካ ውል የሚባለው የት ገባ?" ውሉ ታኅሣሥ 1 ቀን 1959 በዋሽንግተን በ12 አገሮች ተፈረመ፤ ከሰኔ 23 ቀን 1961 ጀምሮ ጸና። አራተኛው አንቀጽ የግዛት ጥያቄዎችን ባሉበት ያቆማል። ሴንቲኔል ቺሊ የኔ ከምትለው ክፍል ውስጥ ይወድቃል፤ ከብዙዎቹ ስሞች ጀርባ ያሉት ግን አሜሪካና ቡልጋሪያ ናቸው። ስም መስጠት ባለቤት አያደርግም። ይህን በጎን ሣጥኑ ውስጥ አላስገባሁትም። መግባት አለበት።

ለሁለተኛው እትም የቀሩ ሥራዎች፦ የስም ዓምዱ፣ የውሉ ሣጥን፣ የኒሚትዝ ግግር ስም ከኮንቱር ቁጥር ጋር የተጋጨበት ቦታ፣ የቪንሰን ዙሪያ በ1:50,000 እንደ ትንሽ ተለጣፊ ካርታ። ለተለጣፊው የ10 ሜትሩን ሬማ ማውረድ ጀምሬያለሁ። ሰንጠረዡን በአማርኛ ስሞቹ እንዳለ ለሚፈልግ ሁሉ እሰጣለሁ። የሄሪቴጅን ደቡባዊ ግማሽ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ካለ የአጻጻፍ ዝርዝሩ ያግዘዋል፤ እዚያ ደግሞ ፓትሪየት፣ ሊበርቲ፣ ኢንዲፔንደንስ የሚሉ ስሞች ስላሉ የሚነገረውን እንጻፍ ወይስ ትርጉሙን የሚለው ደንብ መጀመሪያ መወሰን አለበት።